የሚሠራውን ገጽ ማን አፍርሱ አላችሁ?

«ሲስተም የለም» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ መልኩን ቀይሯል። ድሮ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ትናገረው ነበር፤ ቢያንስ የሚናገር ሰው ነበር። አሁን ማንም አይናገረውም። ስልኩ ላይ ነጭ ገጽ ይከፈታል፣ መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ በቃ። ስህተት ተፈጥሯል የሚል ጽሑፍ የለም፤ ቆይተው ይሞክሩ የሚልም የለም። ተገልጋዩ የገዛው የዳታ ጥቅል እየተበላ ክቧን ቁጭ ብሎ ያያል።

ይህች ክብ ከሰማይ አልወረደችም። አንድ ሰው ወስኖ ነው ያስገባት። ብዙ ጊዜ ደግሞ የምትገባው ቀድሞ ይሠራ የነበረ ገጽ «ዘመናዊ እናድርገው» ተብሎ ሲፈርስ ነው። ገጽን ሙሉ በሙሉ ሳያነሡ በከፊል የማደስ ዘዴ፣ ባለሙያዎቹ «አሲንክሮነስ» የሚሉት፣ በሚሠራ ሥርዓት ላይ የሚጨመር ነገር ነው። ሥርዓቱን ለማፍረስ ሰበብ ሲደረግ ኪሳራውን የሚከፍለው ሥራውን ያዘዘው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሠርቶ የሸጠው ድርጅትም አይደለም። ዜጋው ነው።

ነገሩ ከምን እንደተነሣ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ ከጥንስሱ ጀምሮ የነበረው አሠራር ቀላል ነው። ሰው አንድ ነገር ይጫናል፤ ብራውዘሩ ጥያቄውን ወደ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ሙሉ ገጽ አዘጋጅቶ ይመልሳል፤ የቀድሞው ገጽ ጠፍቶ አዲሱ ይተካል። አንዲት ቁጥር ለመቀየር ሙሉ ገጽ ይመጣል። ማዕድ ላይ «ጨው አነሰው» ያለ እንግዳ፣ መሶቡ በሙሉ ተነሥቶ ሌላ መሶብ እስኪቀርብ እጁን አጣጥፎ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። አዲሱ ዘዴ ጨዋን ብቻ ያመጣል። እንግዳው መብላቱን አያቆምም።

መጥፎ ሐሳብ ነው የሚል የለም። በደንብ ከተሠራ ዳታ ይቆጥባል፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ የተሞላ ቅጽ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ጥያቄው እንዴት ይጨመር የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ዓለም ሃያ ዓመት ያህል ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ሲመለስ ቆይቷል። ያንን ሳያውቁ ከመጨረሻው ፋሽን መጀመር ነው ጉዳቱ።

የመጀመሪያው መሣሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ከማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ወጣ። የተሠራው ለአውትሉክ ኢሜይል የድር ገጽታ ነበር። (በዚያው ዓመት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። የሁለቱ ነገሮች መገናኛ ዝቅ ብሎ ይመጣል።) ሕዝቡ ዘዴውን ያየው ግን ጂሜይል በ2004፣ ጉግል ማፕስ ደግሞ በ2005 ሲወጡ ነው። ካርታው በጣት ሲጎተት ገጹ አይነሣም፤ የጎደለው ቁራጭ ብቻ እየመጣ ይሞላል። በፌብሩዋሪ 2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ የንድፍ ባለሙያ ለዘዴው «አጃክስ» የሚል ስም አወጣለት። ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ይሸጣል።

ችግሩ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበሩት ፍሬምወርኮች፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ሁሉን ከዜሮ እንዳይጽፍ ተዘጋጅተው የሚጠብቁት ማዕቀፎች፣ የተሠሩት ሙሉ ገጽ ለመመለስ መሆኑ ነበር። የማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት፣ የጃቫው ጄኤስኤፍ፣ የሩቢው ሬይልስ፣ የፓይተኑ ጃንጎ፣ ሁሉም። በእነዚህ ላይ የተሠሩ የባንክ፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታል ሥርዓቶች ቆመው እየሠሩ ነበር። አዲሱ ነገር በእነዚህ ላይ እንዴት ይቀጠል?

ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2007 ያቀረበው መልስ «አፕዴት ፓናል» ይባላል። ፕሮግራመሩ ሊለወጥ የሚገባውን የገጹን ክፍል በዚህ መጠቅለያ ውስጥ ያስገባል፤ ሌላ ምንም አይነካም። ከላይ ሲያዩት ተአምር ነው፤ ገጹ ብልጭ ድርግም ማለቱን ያቆማል። ከሥሩ ግን በእያንዳንዱ ክሊክ ብራውዘሩ የገጹን ቅጽ በሙሉ፣ «ቪው ስቴት» ከሚባለው የተደበቀ ሸክም ጋር፣ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩም ገጹን ከራሱ እስከ እግሩ እንደ አዲስ ካስኬደ በኋላ ቁራጯን ይመልሳል። የሚመጣው ቀነሰ፤ የሚሄደው አልቀነሰም። በቢሮ ኬብል ላይ ይህ ለማንም አይታይም። ምልክቱ ሁለት መስመር በሆነ ስልክ ላይ ግን ይታያል። ቢሆንም ለዚህ መፍትሔ አንድ ምስጋና ይገባዋል፦ የሚሠራውን አላፈረሰም።

የሬይልስ ሰዎች የደረሱበት ቦታ የተሻለ ነው፤ ወዲያው አልደረሱበትም እንጂ። በ2006 በወጣው 1.1 ዕትም ሰርቨሩ የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ጽፎ ለብራውዘሩ እንዲልክ አደረጉ፤ ፈጣን ነበር፣ ግን ማን ምን እንዳዘዘ ለመከታተል አስቸጋሪ ነው። በ2010 በሦስተኛው ዕትም ግን ነገሩን አስተካከሉ። ቅጹ ተራ የኤችቲኤምኤል ቅጽ ሆኖ ቀረ፤ «ይህ ከጀርባ ይላክ» የምትል ምልክት ብቻ ተለጠፈችበት። ጃቫስክሪፕቱ ከደረሰ ምልክቷን አይቶ ከጀርባ ይልካል። ካልደረሰ፣ ወይም መንገድ ላይ ከተቆረጠ፣ ቅጹ እንደ ጥንቱ ሙሉ ገጽ ይዞ ይሄዳል። ተገልጋዩ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ማመልከቻው ይገባል።

ሌላም ጥሩ ነገር ነበራቸው። የገጹ ቁራጭ፣ ለምሳሌ በዝርዝር ውስጥ የአንድ ማመልከቻ አንድ መስመር፣ በአንድ ፋይል ይጻፋል። ሙሉ ገጹ ሲሠራ ያ ፋይል ይጠራል፤ ቁራጩ ብቻ ሲፈለግም ያው ፋይል ይጠራል። ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ስለሌለ አንዱ ቦታ «ጸድቋል» ሌላው ቦታ «በሂደት ላይ» የሚል አይኖርም። ይህ ትንሽ የሚመስል ሐሳብ ነው። ብዙ ሥርዓት የሚበላሸው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፋሽን ሁለቱንም ትቶ ሄደ። ሰርቨሩ ገጽ መሥራቱን ይተው፣ ጥሬ መረጃ ብቻ ይላክ፣ ገጹን ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ይሁን ተባለ። ለጉግል ማፕስ፣ ለሥዕል ማረሚያ፣ ሙሉ ቀን ተከፍቶ ለሚውል የሥራ መሣሪያ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለጋዜጣ ገጽ፣ ለማመልከቻ ቅጽ፣ ለፈተና ውጤት ማሳያ ግን ምን ይሠራል?

ትዊተር ሞክሮታል። በ2010 ገጹን በሙሉ በብራውዘር ውስጥ ወደሚሠራ አሠራር ለወጠው። በሜይ 2012 የራሱ መሐንዲሶች ሥራውን ወደ ሰርቨሩ እንደመለሱት በይፋ ጻፉ፤ ገጹ መጀመሪያ የሚከፈትበት ጊዜም ከነበረው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎከር የሚባለው የአሜሪካ የድረ ገጾች ቡድንም በፌብሩዋሪ 2011 ተመሳሳይ ንድፍ ባስገባ ማግስት ጃቫስክሪፕቱ ሳይደርስ ቀርቶ ገጾቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ውለዋል። ጽሑፎቹ አልጠፉም፤ ሰርቨር ላይ ነበሩ። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ነው ያልደረሰው።

«የዛሬ ስልክ ሁሉ ጃቫስክሪፕት ይሠራል፤ ያረጀ ክርክር ነው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ይህንን መልስ ከሁሉ በተሻለ የፈተነው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። የዲጂታል አገልግሎት ክፍላቸው በ2013 በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ቆጠራ አደረገ። ከጎብኚዎቹ 1.1 በመቶ፣ ማለትም ከ93 ሰው አንዱ፣ ጃቫስክሪፕቱ አልደረሰውም። አስገራሚው ይህ ቁጥር አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ጃቫስክሪፕት የማይሠራ ብራውዘር ያላቸው ወይም ራሳቸው ያጠፉት 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 0.9 በመቶ ብራውዘራቸው ጤነኛ ነው፣ ጃቫስክሪፕቱን መቀበል ይችላሉ፤ ግን አልደረሳቸውም። ኔትወርክ ተቆርጦ ይሆናል፣ የመሥሪያ ቤታቸው ማጣሪያ አግዶት ይሆናል፣ ስልካቸው ሳይጨርሰው ገጹን ዘግተው ይሆናል።

ስለዚህ «የማይሠራለት ሰው» የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ጎሣ የለም። ዛሬ ጠዋት የሠራለት ሰው ማታ ታክሲ ውስጥ ላይሠራለት ይችላል። ያ ደግሞ የለንደን ቁጥር ነው። ኔትወርክ በሰፈርና በሰዓት በሚለያይበት፣ ዳታ በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚገዛበት አገር ቁጥሩ ያነሰ ይሆናል ብሎ የሚወራረድ ሰው ካለ ይምጣ።

ኢትዮጵያ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ካጸደቀች ወዲህ ብዙ አገልግሎት ወደ ድር እየተገፋ ነው። መገፋቱ ትክክል ነው። ሰልፍ ከመቆም፣ ሦስት ቀን ከመመላለስ፣ «ነገ ይምጡ» ከመባል ይሻላል። ሆኖም አንድ አገልግሎት በድር ብቻ ሲሰጥ ገጹ የመሥሪያ ቤቱ በር ይሆናል፤ ገጹ ባልተከፈተለት ሰው ላይ በሩ ተዘግቷል። ግል ሱቅ ደንበኛ ቢያጣ ራሱ ይከስራል። መሥሪያ ቤት ተገልጋይ ቢያጣ ምን ይከስራል? እንዲያውም ሰልፉ አጥሮ ይታያል።

እዚህ ላይ ከነጩ ገጽ የባሰ ነገር አለ፤ ውሸት የሚናገር ገጽ። ከጀርባ ጥያቄ የሚልክ ገጽ ሲሠራ፣ ብራውዘሩ በተፈጥሮው ያደርግ የነበረውን ሁሉ ፕሮግራመሩ ተረክቧል ማለት ነው። በድሮው አሠራር ሰርቨሩ ቢወድቅ ብራውዘሩ ራሱ የስህተት ገጽ ያሳያል። አስቀያሚ ነው፤ ግን እውነት ነው። በአዲሱ አሠራር ስህተቱን የሚያሳየው ፕሮግራመሩ እንዲያሳይ ከጻፈ ብቻ ነው። ዛሬ በሁሉም ብራውዘር ውስጥ ያለው «ፌች» የሚባለው መላኪያ፣ ሰርቨሩ «ወድቄያለሁ» የሚል 500 ቁጥር ቢመልስ እንኳ ጥያቄውን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ መልስ መጥቷልና። መልሱ ደህና መሆኑን ፕሮግራመሩ በራሱ ማጣራት አለበት። ካላጣራ ኮዱ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። ቀጣዩ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ቀለም «ማመልከቻዎ ተመዝግቧል» የሚለው ነው።

አንድ ሰው ይህንን አረንጓዴ ጽሑፍ አይቶ ስልኩን ኪሱ ይከታል። የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ከወር በኋላ ሲጠይቅ ስሙ የለም። «እርስዎ አላመለከቱም» ይባላል፤ የሚያሳየው ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፣ ቁጥር የለው። ከዚያ ክርክሩ የሰውዬው ቃል ከኮምፒውተሩ ቃል ጋር ይሆናል፤ ማን እንደሚታመን የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ መስመር ማጣሪያ ስላልተጻፈ ነው።

ጊዜ ገደብም እንደዚያው። «ፌች» ገደብ ካልተሰጠው በራሱ «በቃ፣ መልስ አልመጣም» አይልም። የአሮጌው መሣሪያ ገደብም ካልተሞላ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ወሰን የለውም ማለት ነው። ክቧ ለምን ሳትቆም እንደምትሽከረከር የሚጠይቅ ሰው ካለ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁሚ ያላት የለም። ሰውዬው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ሰው ነውና፣ «ክፈል» የሚለውን ደግሞ ይጫናል፣ ሦስተኛም ይጫናል። ቁልፉ አንዴ ከተጫኑት በኋላ እንዲደነዝዝ ካልተደረገ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄም ሰርቨሩ ድጋሚ መሆኑን የሚያውቅበት መለያ ካልተሰጠ፣ ሦስት ክፍያ ይመዘገባል። የመጀመሪያውን ለማስመለስ ስንት ቢሮ እንደሚኬድ አንባቢ ያውቀዋል።

የሚያስቅም አለ። ተገልጋዩ ገጹን ከፍቶ ምሳ በልቶ ይመለሳል፤ የመግቢያ ጊዜው አልፎበታል። ዝርዝሩን ለማደስ ሲጫን ሰርቨሩ «መጀመሪያ ይግቡ» ብሎ ወደ መግቢያ ገጽ ይመራዋል። ከጀርባ የተላከው ጥያቄ ይህንን ምሪት ዝም ብሎ ይከተላል፤ የመግቢያ ገጹን በሙሉ ከነአርማው ይዞ መጥቶ በሠንጠረዡ መሐል ይዘረግፈዋል። ስም፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ከዚያ «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ»። ነባር ፍሬምወርክ ላይ አጃክስ የጨመረ ፕሮግራመር ሁሉ ይህንን ሳቅ አንድ ቀን ሳይስቀው አይቀርም።

የማያስቀው የጸጥታው ነው። ጃንጎን የመሰሉ ፍሬምወርኮች ከእያንዳንዱ ቅጽ ጋር ምሥጢራዊ ምልክት እንዲላክ ያስገድዳሉ፤ ሌላ ድረ ገጽ በተገልጋዩ ስም ትእዛዝ እንዳይልክ። ከጀርባ የሚላከው ጥያቄ ይህችን ምልክት ይዞ ካልሄደ ሰርቨሩ 403 ብሎ ይከለክለዋል። መፍትሔው ምልክቷን በጥያቄው ራስጌ ላይ መጨመር ነው፤ የጥቂት መስመር ሥራ ነው፣ መመሪያው ላይም ተጽፏል። አቋራጩ ግን ጥበቃውን ማጥፋት ነው፤ እሱ አንዲት መስመር ብቻ ናት። ርክክቡ ነገ በሆነ ጊዜ የትኛው እንደሚመረጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፊደሉ። ስም ወይም ቃል ሲጻፍ ከሥሩ አማራጭ የሚዘረዝር መፈለጊያ ሁሉም ሰው ይወዳል። አሠራሩ ለእንግሊዝኛ የታሰበ ነው፦ እያንዳንዱ ፊደል ሲነካ ጥያቄ ይላካል። በድምፅ የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ አምስት ቁልፍ ይነካል። በየመሐሉ ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው «ስ»፣ ከዚያ «ሰ»፣ ከዚያ «ሰል»፣ ከዚያ «ሰላ»፣ በመጨረሻ «ሰላም» ነው። ልብ ይባል፦ «ስ»ም «ሰል»ም የ«ሰላም» መጀመሪያ አይደሉም። ጸሐፊው ያልፈለጋቸው ሌሎች ቃላት ናቸው፤ ሰርቨሩ ግን ተጠየቀ፣ ስለ «ሰልፍ» እና ስለ «ሰልጣኝ» ፈልጎ መለሰ። በእንግሊዝኛ በየመሐሉ የሚላከው ጎዶሎ ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። በአማርኛ ከአምስቱ ሁለቱ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። እያንዳንዷ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ትወስዳለች፤ በአድራሻ ላይ ስትጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። ጥቃቅን ነው ይባል ይሆናል። ጥቃቅኑን የሚከፍለው ግን ያው ባለ ጥቅሉ ነው።

የባሰው መልሶቹ በተላኩበት ቅደም ተከተል የማይመጡ መሆናቸው ነው። «ሰል» ብዙ ውጤት ስላለው ይዘገያል፤ «ሰላም» ቶሎ ይመለሳል። ትክክለኛው ዝርዝር ይታያል፤ ከአፍታ በኋላ የዘገየው መልስ መጥቶ ይሸፍነዋል። ሳጥኑ ውስጥ «ሰላም» ተጽፎ ከሥሩ የሰልፍ ዝርዝር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኼኔ ነው። ፈውሱ የታወቀ ነው፦ ጸሐፊው ጣቱን ለግማሽ ሰከንድ ያህል እስኪያሳርፍ መጠበቅ፣ አዲስ ጥያቄ ሲላክ የቀድሞውን መሰረዝ። ወይም ጨርሶ «ፈልግ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ፤ ማንም በቁልፍ አልሞተም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሰው መሆናቸውን ማወቅ ደግሞ የሰርቨሩ ሥራ ነው፤ ያ እስካልተሠራ ድረስ ገጹ ብልጭ አለ አላለ ለውጥ የለውም። ዓይነ ስውር ተገልጋይ በስክሪን አንባቢ ሲጠቀምም ከጀርባ የተለወጠው ክፍል «ተለውጫለሁ» የሚል ምልክት ካልተሰጠው በቀር አይነበብለትም። ይህንን ስንት ገጽ ላይ ታስቦበታል?

አፍራሾቹ የሚሉት አለ፤ መስማት ይገባል። አንደኛ፣ «የሞባይል አፕ ስላለን ጥሬ መረጃ የሚሰጥ ሰርቨር የግድ ነው» ይላሉ። ይሁን፤ ከገጹ ጎን ይሠራ። አፑ ጥሬ መረጃ ስለፈለገ ገጹም እንዲፈልግ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሁለተኛ፣ «አዲሶቹ መሣሪያዎች ገጹን መጀመሪያ በሰርቨር ላይ ይሠሩታል፤ ነጩ ገጽ የድሮ ታሪክ ነው» ይላሉ። ይህ እውነት አለው። ግን ምን ማለት ነው? ከአሥር ዓመት በላይ ዞረው፣ ገጹን ሰርቨር ይሥራው ወደሚለው ተመለሱ። ያንን የሚሠራ ነባር ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ለምን ዙሪያውን ሁሉ አብሯቸው ይዙር? ሦስተኛውን ክርክር ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም፤ ወጣቱ ፕሮግራመር በሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ አዲሱን ስም መጻፍ ይፈልጋል። አይፈረድበትም፤ የሥራ ማስታወቂያው የሚጠይቀው እሱን ነው። የሚፈረደው የሕዝብ አገልግሎት የልምምድ ሜዳ እንዲሆን በፈቀደው ላይ ነው።

ማፍረስ ሳያስፈልግ መጨመር እንደሚቻል ማስረጃው ብዙ ነው። ከ2020 ጀምሮ ‹ኤችቲኤምኤክስ› የሚባል መሣሪያ አለ፤ ተጨምቆ 14 ኪሎባይት ገደማ ነው። ነባሩ ቅጽ ላይ አንድ ሁለት ምልክት ይለጠፋል፤ ሰርቨሩ ከሙሉ ገጽ ይልቅ የኤችቲኤምኤል ቁራጭ ይመልሳል፤ መሣሪያው በቦታው ይተካዋል። ሬይልስም በ2020 መጨረሻ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ‹ሆትዋየር›ን ይዞ መጣ። በ2022 በአውሮፓ የጃንጎ ጉባኤ ላይ ኮንቴክስት የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ልምዱን አቅርቧል። ሁለት ዓመት የተደከመበትን በሪአክት የተሠራ ገጽታ በሁለት ወር ገደማ ወደ ጃንጎና ኤችቲኤምኤክስ መለሱት። ከ21,500 መስመር ኮድ 7,200 ቀረ። ገጹ ለሥራ ዝግጁ የሚሆንበት ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰከንድ ከነበረበት ወደ 1 እና 2 ሰከንድ ወረደ። ሁሉም ሥርዓት እንዲህ አይሆንለትም፤ የመሣሪያው ባለቤቶች ራሳቸው የኮንቴክስት ገጽ ለዚህ አሠራር በተለይ የተመቸ እንደነበር ጽፈዋል። ብዙ ጽሑፍ፣ ዝርዝርና ቅጽ ላለው ገጽ ነው የሚመቸው። የመንግሥት አገልግሎት ገጽ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

እንግዲህ ኳሱ ያለው ገንዘብ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት እግር ሥር ነው። ርክክብ የሚደረገው በስብሰባ አዳራሽ፣ በቢሮው ዋይፋይ፣ በአዲስ ላፕቶፕ ነው። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ሆነው በትልቁ ስክሪን ያያሉ፤ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል፣ ይጨበጨባል፣ ፊርማ ይፈረማል። ክቧ በዚያ ክፍል ውስጥ በጭራሽ አትታይም። በዚያ ቀን ርካሽ ስልክ ይምጣ። የኔትወርኩ ምርጫ ወደ 2ጂ ይውረድ። ቅጹ በአማርኛ ይሞላ፣ «ላክ» ከተጫኑ በኋላ ወዲያው ዳታው ይጥፋ፣ ከዚያ ገጹ ምን እንደሚል ኃላፊው ራሳቸው ያንብቡ። «ክፈል» ሦስት ጊዜ ይጫን፤ ስንት ክፍያ እንደተመዘገበ ይቆጠር። ጃቫስክሪፕቱ ይጥፋና ማመልከቻው ይገባ እንደሆነ ይሞከር። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሻጩ «ይህ በውሉ ላይ አልነበረም» ካለ ልክ ነው፤ አልነበረም። በሚቀጥለው ጨረታ ይጻፍ።